12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር፣ አራት የመኪና ስፒከር፣ ቤዝ ሲመታ የሚጠፋ አምፕ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቲፒኤ3116ዲ2 አይሲ (ቺፕ) የተሠራ ባለ ሁለት ቻናል ትንሽ የአምፕ (የድምፅ ማጉያ) ቦርድ አለኝ፤ ላዩ ላይ 2×50 ዋት ይላል። የማሠራው በ12 ቮልት 2 አምፔር የራውተር አዳፕተር ነው። ስፒከሮቹ አራት ናቸው፣ ሁሉም ባለ 4 ኦም የመኪና ስፒከር፤ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ታስረዋል። ቮልዩሙ ግማሽ እስኪደርስ ድረስ ችግር የለም። ከዚያ በላይ ግን ቤዝ በመታ ቁጥር ድምፁ ይቋረጣል፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይቋረጣል። ቤዙ ደካማ ስለሆነ የቤዝ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሬዋለሁ። ቦርዱ ላይ ያለው 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) በ10,000 ቢቀየር ይስተካከላል ያሉኝ አሉ። እሱን ልቀይር ወይስ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ልግዛ?

ሬዲዮ ጠጋኝ፦
ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። ድምፁ ሲቋረጥ ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት እያት። አብራ ከደበዘዘች ወይም ከጠፋች አቅም ያነሰው አዳፕተሩ ነው። መብራቷ እንደበራች ድምፁ ብቻ ከጠፋ አይሲው ራሱን ከጉዳት እየጠበቀ ነው ማለት ነው፤ አንዳንዱ ቦርድ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመለሳል፣ ሌላው ነቅለህ ካልሰካኸው አይመለስም።

ያንተ ግን ሂሳቡ ገና ከመነሻው አይገናኝም። ይህ አይሲ ስፒከሩን በሁለቱም ጫፍ ስለሚገፋው፣ የሞገዱ ከፍታ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ቮልት ይጠጋል። በ12 ቮልት ወደ 11 ያህል ታገኛለህ። ዋት የሚሰላበትን ውጤታማ ቮልት ለማግኘት 11ን ለ1.41 ስታካፍል 7.8 ቮልት ይሆናል። እሱን በራሱ አባዝተህ ለኦሙ ካካፈልክ ዋቱ ይመጣል፤ 8 ኦም ላይ 7.6 ዋት፣ 4 ኦም ላይ 15 ዋት። ቦርዱ ላይ የተጻፈው 50 ዋት የአይሲው አምራች ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ21 ቮልትና በ4 ኦም የሰጠው ቁጥር ነው። በ12 ቮልት አዳፕተር የቱንም ያህል ቮልዩም ብትጨምር አታገኘውም።

አሁን ያንተን እንይ። ሁለት 4 ኦም ፓራለል ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ። 2 ኦም ላይ በዚያው 12 ቮልት አንዱ ቻናል እስከ 30 ዋት ይጠይቃል፣ ሁለቱ 60። አዳፕተርህ 12 ሲባዛ በ2፣ 24 ዋት ብቻ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ይዘጋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይሞክራል፣ ቤዙ እንደገና ሲመጣ ደግሞ ይዘጋል። የአንድ ሰከንዱ መቆራረጥ ይኸው ነው። አይሲው እስከ 4.5 ቮልት ድረስ ስለሚሠራ ቮልቱ ትንሽ ወረደ ብሎ አይጠፋም።

ስለ ካፓሲተሩ፦ ቤዝ ሲመታ አዳፕተሩ በ3 አምፔር አነሰ እንበል፣ ለ5 ሚሊሰከንድ ብቻ። ያንን ጉድለት 1000 ማይክሮፋራድ ልሸፍን ቢል 15 ቮልት መውረድ አለበት፣ ማለትም ባዶውን ይቀራል። 4700 ቢሆን 3.2 ቮልት ይወርዳል። 10,000 ቢሆን 1.5 ቮልት ብቻ፤ ግን ባዶ ካፓሲተር ስትሰካው ለቅጽበት እንደ ሾርት ስለሆነ ትንሽ አዳፕተር ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ መብራቷ ብልጭ ጥፍት ትላለች። ከ2200 እስከ 4700 ይበቃል፤ እሱም አጭር ምት ይሸፍናል እንጂ የአዳፕተሩን ማነስ አይተካም። ስትቀይር ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልት እይ። ብዙ ርካሽ ቦርድ ላይ 25 ቮልት ነው ያለው፤ 35 ቮልቱን ግዛ።

የአዳፕተርህን እውነተኛ አቅም ለማወቅ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና የፍሬን አምፖል በቂ ነው፤ 1.75 አምፔር ገደማ ይስባል። አገናኘውና በቴስተር ቮልቱን ለካ። ከ11.5 በላይ ይዞ ለአምስት ደቂቃ ከቆየና ፕላስቲኩ እጅ የሚያቃጥል ካልሆነ 2 አምፔሩ እውነት ነው። አምፖል ቀዝቃዛ ሳለ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለቴ ቢንተፋተፍ አይደንግጥህ፤ መንተፋተፉ ካልቆመ ግን አዳፕተሩ የተጻፈበትን አይሰጥም።

ኦም፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፣ ግን ዋናው ጥፋት የስፒከሮቹ አስተሳሰር ይመስለኛል። ይህ አይሲ በሁለት ቻናል ሲሠራ ከ3.2 ኦም በታች እንዲጫንበት አልተሠራም። ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ገዝተህ 2 ኦሙን እንዳለ ብትተወው ችግሩ ከአዳፕተሩ ወደ አይሲው ይዛወራል፤ በ19 ቮልት 2 ኦም ላይ የሞገዱ ጫፍ 9 አምፔር ይደርሳል፣ አይሲው ይህን አይፈቅድልህም።

ስለዚህ በየጎኑ ያሉትን ሁለቱን ሲሪየስ (አንዱን ከአንዱ አስከትለህ) እሰራቸው። ከቦርዱ ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው ፖዘቲቭ፣ ከአንደኛው ኔጋቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ ከሁለተኛው ኔጋቲቭ ወደ ቦርዱ ኔጋቲቭ። 8 ኦም ሆነ። ኦሙ ሲጨምር ድምፁ ይቀንሳል ብለህ አትስጋ፤ የጠፋውን በቮልት ትመልሰዋለህ። በ19 ቮልት 8 ኦም ላይ በቻናል 20 ዋት ታገኛለህ፣ ለየስፒከሩ 10 ዋት። የሁለቱ ቻናል 40 ዋት ነው፤ አይሲው ከሚስበው 90 በመቶ ያህሉን ወደ ስፒከር ስለሚያደርስ ከፓወር ሰፕላዩ የሚፈለገው 45 ዋት ገደማ ነው። 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር ይህን ሳይጨነቅ ይችለዋል።

ከማሰርህ በፊት እያንዳንዱን ስፒከር ብቻውን ለካ። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ3.2 እስከ 3.6 ያሳያል፣ ባለ 8 ኦም ከ6 እስከ 7። ከዚያ በጣም ካነሰ ጥቅልሉ ተቃጥሎ እርስ በርሱ ተነካክቷል፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ቀጥሎ አቅጣጫውን አረጋግጥ። አንድ የ1.5 ቮልት የሬዲዮ ባትሪ ውሰድና ፖዘቲቩን ከስፒከሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ጋር ለቅጽበት ንካ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ትክክል ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው። ጣትህን ጠርዙ ላይ በቀስታ ብታሳርፍ ይሰማሃል። ከሁለቱ አንዱ ከተገለበጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፣ ቤዙም ይጠፋል።

የቤዝ ቁልፉን ደግሞ ወደ መካከል መልሰው። ቤዙን በ10 ዴሲቤል ማሳደግ ማለት ለዚያ ድምፅ 10 እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው። የመኪና ስፒከር የተሠራው በር ወይም የኋላ መደርደሪያ ላይ እንዲገጠም ነው፤ እንዲሁ ክፍት ከተቀመጠ ከኋላ የሚወጣው አየር ከፊት ያለውን ይሽረዋል። ዙሪያው በደንብ የተዘጋ የቺፑድ ሳጥን ውስጥ አስገባቸው። ለቤዝ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ ነገር አላውቅም።

ይህንን ደግሞ አደራ፦ የግራና የቀኝ ስፒከር ኔጋቲቮችን አንድ ላይ አታገናኝ፣ ከብረት ሳጥንም ከግራውንድም (ከፓወር ሰፕላዩ ኔጋቲቭ) ጋር አታስነካ። በዚህ አይሲ ኔጋቲቭ የተባለው ጫፍ ግራውንድ አይደለም፣ እሱም እንደ ፖዘቲቩ ድምፅ ይዞ የሚወዛወዝ ነው። ከመኪና የወጣ ስፒከር ኬብል አንዳንዴ በጋራ ኔጋቲቭ ስለሚመጣ እየው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ። ሲቋረጥ መብራቷም አብራ ትጠፋለች። ስፒከሮቹ 3.4፣ 3.5፣ 3.4 እና 3.5 ናቸው። ሲሪየስ አድርጌ በዚያው አዳፕተር ሞከርኩት፤ መቆራረጡ ቆሟል፣ ድምፁ ግን አነሰ። 19 ቮልት 3.42 አምፔር የሆነ የላፕቶፕ ቻርጀር አለኝ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁለት ባለ 12 ቮልት የሶላር ባትሪዎች ሲሪየስ አድርጌ 24 ቮልት ልስጠው አስቤያለሁ፤ አይሲው እስከ 26 ይችላል ተብሏል። ይሆናል?

ብሪጅ፦
አይሆንም። 24 የሚባለው ለስሙ ነው። ሁለት የሊድ አሲድ ባትሪዎች ሞልተው ሲያርፉ 25.2 ቮልት ገደማ ናቸው፤ ፀሐይ ላይ ሆነው ቻርጅ ሲደረጉ 28.8 ይደርሳሉ። 26ን ያለፈው ያኔ ነው፣ ባለ 25 ቮልቱ ካፓሲተርም አብሮ ይሄዳል። በአንዱ ባትሪ ብቻ አሠራው፤ ቻርጅ ላይ 14.4 ቢደርስም ምንም አይሆንም። 19 ቮልት የግድ ከፈለግህ ቮልት የሚያሳድግ ኮንቨርተር መሃል አስገባ፤ መጀመሪያ ቦርዱን ሳታገናኝ በቴስተር እያየህ 19 ላይ አስተካክለው። 45 ዋት ለማውጣት ከባትሪው ወደ 4.2 አምፔር ስለሚስብ ሽቦው ከ1.5 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ። ባትሪው አጠገብ፣ ፖዘቲቩ ላይ፣ 7.5 አምፔር የመኪና ፊውዝ አድርግ። የባትሪ ሾርት እሳት ነው፣ ያለ ፊውዝ እንዳትሞክረው።

ይኸው ስህተት ትራንስፎርመር በሚጠቀሙ ላይም ብዙ ቦርድ ይበላል። 18 ቮልት ኤሲ የሚሰጥ ትራንስፎርመር ኤሲን ወደ ዲሲ በሚቀይር ዳዮድ ብሪጅ ሲያልፍ 18 ሲባዛ በ1.41፣ ሲቀነስ 1.4፣ 24 ቮልት ይመጣል፤ ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ትንሽ ትራንስፎርመር ጭነት ሳይኖርበት በ10 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፣ የቤቱ መብራት ደግሞ ሌሊት ከ220 ወደ 240 ሊወጣ ይችላል። ሁለቱ ሲደመሩ 29 ቮልት ነው፤ ያውም አምፑ ዝም ባለበት ሰዓት። በ15 ቮልት ኤሲ ከጀመርክ በተለመደው ጊዜ 20 አካባቢ፣ በክፉው ቀን 24 ላይ ትቆማለህ። በትራንስፎርመር ለሚሠራ ሁሉ የምመክረው 15ን ነው፣ ከብሪጁ በኋላ 35 ቮልት 4700 ማይክሮፋራድ አድርጎ።

24 ቮልት ለመሄድ የተቸኮለበት ምክንያትም አይታየኝም። ከ19 ወደ 24 ማለፍ 2 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ጆሮ በግድ የሚለየው።

ሬዲዮ ጠጋኝ፦
የላፕቶፕ ቻርጀሩን ተጠቀም፣ ልክህ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቅ። የብዙ ላፕቶፕ ቻርጀር መሰኪያ የውስጥ ቀዳዳው 2.5 ሚሊሜትር ነው፣ የብዙ ቦርድ ፒን ደግሞ 2.1። ይገባል፣ ይሠራልም፣ ግን ይላላል፤ ቤዝ ሲመታ ይቆራረጥና አዳፕተሩ የደከመ ይመስልሃል፣ መሰኪያውም ይግላል። ቦርዱ ባለ ብሎን ማሰሪያ ካለው ኬብሉን ቆርጠህ እዚያ እሰረው። ከመቁረጥህ በፊት የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ በቴስተር ለይ፤ ብዙ ርካሽ ቦርድ ከተገለበጠ መስመር መከላከያ የለውም። መሰኪያው መሃል ላይ ቀጭን መርፌ ካለው ደግሞ እሷ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለይባት መስመር ናት፤ ለአምፑ አታስፈልግም፣ ለብቻዋ ሸፍነህ ተዋት።

ሁለተኛው ጩኸት ነው። ባለ ሦስት እግር ሶኬት ያለው ቻርጀር አምፑን እየመገበ፣ ድምፁ ደግሞ ቻርጅ ላይ ካለ ሌላ ላፕቶፕ ከመጣ፣ ሁለቱ በኧርዙ (በመሬት) መስመር ስለሚገናኙ የሚያጉረመርም ድምፅ ሊመጣ ይችላል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል፤ ከጠፋ ምክንያቱ ያ ነው። የኧርዙን እግር ግን አትቁረጥ፣ ለሕይወትህ የተቀመጠ ነው። መፍትሔው ድምፁ በሚገባበት ኬብል መሃል ትናንሽ የድምፅ ትራንስፎርመሮች ያሉትን የግራውንድ ማግለያ ማስገባት ነው። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያው ፓወር ሰፕላይ ከሚመገብ የብሉቱዝ ሞጁል ከሆነ፣ ቢ0505ኤስ የሚባለውን ከ5 ወደ 5 ቮልት የሚያገል ትንሽ ኮንቨርተር ስጠው። እስከ 200 ሚሊአምፔር ስለሚሰጥ ለሞጁሉ ይበቃዋል።

ጠያቂ፦
ቻርጀሩን ቆርጬ በብሎን አሰርኩት። በስልክ 50 ኸርዝ ቶን ከፍቼ ለካሁ፦ ያለ ድምፅ 19.3፣ በከፍተኛው 18.9። መብራቷ አትደበዝዝም። በባትሪ ስፈትሽ ደግሞ ከአራቱ አንዱ የተገለበጠ ነበር። እሱን ካዞርኩ በኋላ በቀኙ በኩል ቤዝ መጣ፣ የቤዝ ቁልፉንም መሃል ላይ መልሼዋለሁ። ቮልዩሙ ከሦስት ሩብ ሲያልፍ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል።

ኦም፦
መልካም። መሰንጠቁ አምፑ በ19 ቮልት ጫፉ ላይ ስለደረሰ ነው። ብዙ ቦርድ ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) 26 ዴሲቤል፣ ማለትም 20 እጥፍ ነው። በ19 ቮልት ከፍተኛው ውጤታማ ቮልት 12.7 ስለሆነ፣ 0.63 ቮልት ከገባ ሁሉም ተሟጧል። ብዙ ስልክና ላፕቶፕ ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ቁልፉ ላይ የቀረው ሩብ የሞገዱን ጫፍ መቁረጥ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያ ደግሞ ስፒከሩን ያግላል። የአምፑን ቁልፍ መጨረሻ ላይ አድርገህ የስልኩን ድምፅ መሰንጠቅ እስኪጀምር ጨምር፣ ከዚያ ሁለት እርከን ዝቅ አድርገህ ስልኩን እዚያው ተወው። ከዚህ በኋላ በአምፑ ቁልፍ ብቻ ተጠቀም።