ባዮሜዲካል ተምሮ ለመጣ ልጅ ምን ይሻለዋል?

የሐይቋ፦ ሰላም የወሎ ልጆች እንደምናችሁ። የእህቴ ልጅ በዲቪ አሜሪካ መጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔው ጋ ነው ያለው፣ ጅማ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ እዛው ወሎ ሆስፒታል ውስጥ ማሽን ሲጠግን ነበር። ጓደኞቹ ኡበር ንዳ እያሉት ልቡ ሸፍቷል። ይሄ ትምህርት እዚህ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ኩታበር፦ አብሽሪ ይሆናል፣ ብቻ በየት በኩል እንደሚገባ ይወቅ። "ባዮሜዲካል ኢንጂነር" ብሎ ከፈለገ የሚወጣለት አብዛኛው የዲዛይን ስራ ነው፣ ማስተርስ ያለው ራሱ የሚሻማበት። እሱ የለመደው ስራ እዚህ ባዮሜድ ቴክኒሺያን ነው የሚባለው፣ ሆስፒታሎች ክፍሉን ክሊኒካል ኢንጂነሪንግ ወይ ኤችቲኤም (ሄልዝኬር ቴክኖሎጂ ማኔጅመንት) ይሉታል፣ በዚህ ስም ይፈልግ። እንደ ነርስ የስቴት ላይሰንስ የለበትም። ሰርተፍኬቱ ሲቢኢቲ ይባላል፣ 165 ጥያቄ በ3 ሰዓት፣ የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ ልምዱ ያልሞላለት ሲኤቢቲ በሚባለው የጀማሪ ሰርተፍኬት ይጀምራል።

ሬዙሜው ላይ ደሞ "የህክምና መሳሪያ ጠግኛለሁ" ብሎ እንዳያልፍ! ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚለየውን ማሽን፣ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተርን እንኳ ብንወስድ፣ ዚዮላይት የሚባለው ጠጠር ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀርና ኦክስጅኑን ያሳልፋል፣ እርጥበት ከገባበት ግን ጠጠሩ ይደክምና ማሽኑ እንደ ጤነኛ እያጉረመረመ 90 ምናምን ፐርሰንት መስጠት ሲገባው 60 ይሰጣል፣ በኦክስጅን መለኪያው በአናላይዘር ካልተለካ ማንም አያውቅበትም። እንዲህ ያለውን ለክቶ ያገኘ ልጅ ምን ለካ፣ ስንት አገኘ፣ ምን ቀየረ፣ ሁሉንም ይጻፈው። እዚህ የስራው ግማሽ ወረቀት ነው፣ የጥገና መዝገቡ፣ ወርክ ኦርደሩ፣ ካልተዘጋ አልሰራህም ነው የሚሉህ።

ሸዋ በር፦ ኔትወርክ ይማር ኔትወርክ! መድኃኒት የሚሰጠው ፓምፑም የበሽተኛ ሞኒተሩም ዛሬ ዋይፋይ ላይ ነው። ከ2023 ወዲህ ኔትወርክ ላይ የሚገባ አዲስ ማሽን የህክምና መሳሪያ ለሚፈቅደው የመንግስት መስሪያ ቤት ለኤፍዲኤ ሲቀርብ ካምፓኒው የሳይበር ሴኪዩሪቲ ፕላኑንና ውስጡ ያለውን የሶፍትዌር ዝርዝር ማቅረብ በህግ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ ሆስፒታሉ የሚፈልገው ስክሩድራይቨርም አይፒ አድራሻም የሚያውቅ ሰው ነው። ኤአይ ስራውን ይበላዋል የሚሉትን አይስማ፣ የስኳር በሽተኛን አይን ፎቶ ያለ ሐኪም የሚያነበውን ሲስተም ኤፍዲኤ የፈቀደው 2018 ላይ ነው፣ ካሜራው ሲበላሽ ግን ያው ሰው ነው የሚጠራው። ኤፍዲኤ እራሱ እናንተው ሰፈር ዋይት ኦክ ነው፣ የፌደራል ስራ ሲቲዝንሺፕ ስለሚፈልግ ግን ለጊዜው ይቆየው።

ከደሴ፦ እኔ እዚሁ አገር ቤት ነኝ፣ አንድ አደራ ልበላችሁ። ዕቃ አዋጥታችሁ ከመላካችሁ በፊት እንዲህ ያለውን ልጅ ጠይቁት። የናንተ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 220 እና 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክል እንጂ ኸርዙን አይነካውም፣ አንዳንዱ ሞተር ያለው ማሽን ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይግላል። ሞኒተር ይመጣል፣ ኬብሉና ሴንሰሩ የለም፣ ሰርቪስ ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም፣ ስቶር ገብቶ አቧራ ይጠጣል። ብር አባክናችሁ እኛንም ቦታ ታስጨርሱናላችሁ፣ እንዳትቀየሙኝ።

የሐይቋ፦ አላህ ይስጣችሁ ወላሂ። ሬዙሜውን ሲጨርስ ለኩታበር ኢንቦክስ አደርጋለሁ። እስከዛ ኡበሩን ይንዳ?

ኩታበር፦ ቅዳሜና እሁድ ይንዳ። በስራ ቀን ስልክ ሲደወልለት አውራ ጎዳና ላይ እንዳይሆን።