የተገለበጠውን ሦስት ማዕዘን ልጆቼ አያውቁትም፤ ቅርጾችን በእጅ ሥራ እንዴት ላስተምር?

ጠያቂ (የአጸደ ሕፃናት መምህርት፣ አዘዞ)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 42 ሕፃናትን አስተምራለሁ። በግድግዳው ሥዕል ላይ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ፣ ሬክታንግል እያልን በየቀኑ በዜማ ስለምንደጋግም ሁሉም ስሞቹን አጥርተው ይጠራሉ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከካርቶን የቆረጥሁትን ሦስት ማዕዘን ሹሉን ወደ ታች አድርጌ ሳሳያቸው፣ አንዲት ልጅ «ይሄ ሦስት ማዕዘን አይደለም፤ ወድቋል» አለችኝ፤ አብዛኞቹም እሷን ደገፉ። ለካ የሚያውቁት ሥዕሉን እንጂ ቅርጹን አልነበረም። በእጄ ያለው ጠመኔ፣ ካርቶንና ሰፊ ግቢ ብቻ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ 1 (ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ጎንደር)፦
እኅቴ መምህርት፣ የልጅቷ መልስ አያስደንግጥዎ። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ-ጌልዶፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቡት ጥናት እንዳስረዱት፣ ልጅ መጀመሪያ ቅርጽን የሚለየው የሰው ፊት እንደሚለይ ሁሉ በጠቅላላ መልኩ ነው፤ ጎንና ማዕዘን ቆጥሮ መለየት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ዕድሜ ስለጨመረ ሳይሆን ልጁ በቅርጹ ላይ ስለሠራ ነው።

ስለዚህ ሲባጎ ይግዙ። አምስት ስድስት ሜትር የሚሆነውን ጫፍና ጫፉን ያስሩና ሦስት ልጆች ከውስጥ ገብተው በጀርባቸው እስኪወጠር ድረስ ይግፉት፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ማዕዘን ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ አንደኛው ብቻ ወደ ፈለገበት ይራመድ። ቅርጹ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ያዘነብላል፤ እርስዎ ግን በየእርምጃው «አሁንስ ሦስት ማዕዘን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ዳር የቆሙት ልጆችም ጎኖቹን በእግራቸው እየተከተሉ ይቁጠሩ። አራተኛ ልጅ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይገምቱ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ጨዋታ ነው፤ ምክንያቱም ማዕዘኑ ራሱ ልጁ ስለሆነ «ወድቋል» የሚባል ነገር አይኖርም።

በሌላ ቀን ደግሞ ስትሮ ቆራርጠው ክር ያሳልፉበትና ጫፍና ጫፉን አስረው አንዱን ባለ ሦስት፣ ሌላውን ባለ አራት ጎን ያድርጉት። ባለ ሦስቱ ቢጫኑት ቅርጹን አይለቅም፤ ባለ አራቱ ግን ወዲያው ይጋደማል። አናጢ በበር ላይ ሰያፍ ጣውላ የሚመታውም ስለዚሁ መሆኑን ልጆቹ በገዛ እጃቸው ይረዱታል።

መልስ 2 (የአንደኛ ክፍል መምህርት፣ ማራኪ)፦
በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ብዙዎቻችን ኩባያ አንስተን «ይህ ክብ ነው» እንላለን፤ ኩባያው ግን ክብ አይደለም፣ ክብ የሆነው አፉና መቀመጫው ነው። ልጆቹ የኩባያውን መቀመጫ፣ የክብሪቱን ቀፎና ቆርኪውን እርጥብ ጭቃ ላይ ተጭነው ሲያነሡ የሚቀረው ፈለግ ዝርግ ቅርጽ ምን እንደሆነ ከየትኛውም ገለጻ ይበልጥ ያሳያል። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበትን መስመርም ራሳቸው በጠመኔ ያስምሩት። ወደ ፋሲል ግንብ ከወሰዷቸው ደግሞ አናቱ ቅስት የሆነ መስኮት ፊት ያቁሟቸውና ስሙን ይጠይቋቸው፤ ከታች ሬክታንግል፣ ከላይ የክብ ግማሽ መሆኑን ካዩ በኋላ ክፍል ተመልሰው ከወረቀት ቆርጠው ይገጣጥሙት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሲባጎውን ጨዋታ ትናንት ሞከርነው። ያችው ልጅ ማዕዘን ሆና ከቆመች በኋላ የካርቶኑን ሦስት ማዕዘን በእጇ እያዞረች «ስቆጥረው ያው ሦስት ነው» አለች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ካሬም ሬክታንግል መሆኑን አሁን ልንገራቸው?

መልስ 1 (ጡረተኛ የሒሳብ መምህር)፦
በዚህ ዕድሜ አያስጨንቋቸው። ነገር ግን «ካሬ ሬክታንግል አይደለም» ብለው በፍጹም እንዳያስተምሩ፤ ከፍ ሲሉ ያንን ማስረሳት እጅግ ይከብዳል። አንድ ልጅ ካሬውን ከሬክታንግሎቹ ጋር ቢደረድረው «ለምን እዚህ አደረግኸው?» ብለው ይጠይቁትና ማዕዘኖቹን በወረቀት ጥግ እየለካ እንዲያሳይዎ ይተዉት።