ፈረንሳይኛ ለጎልማሳ ጀማሪ፦ ሰዋስው ይቅደም ወይስ ጆሮ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ ፈረንሳይኛ ጀምሬአለሁ። አንዱ «የግስ እርባታውን ሳትጨርሺ አፍሽን አትክፈቺ» ይለኛል፤ ሌላዋ «መጽሐፉን ዘግተሽ ስድስት ወር ዝም ብለሽ አዳምጪ» ትለኛለች። የትኛውን ልስማ? «በዚህ ዕድሜ ቋንቋ አይገባም» የሚሉኝም አሉ።

ሰዋስው ይቅደም፦
እባክዎ መጽሐፉን እንዳይዘጉ። ሕፃን ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሰው አለው፤ ትልቅ ሰው የሚያገኘው ቢበዛ በቀን አንድ ሰዓት ነው። ሕግ ጊዜ ያሳጥርልዎታል። በአማርኛ ጠረጴዛ ወንድ ነው ሴት ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ በፈረንሳይኛ ግን ጠረጴዛ (ታብል) ሴት፣ መጽሐፍ (ሊቭር) ወንድ ነው። እንደ «ናሲዮን» በ«ሲዮን» የሚጨርሱ ስሞች ሴት መሆናቸውን አንድ ቀን ቢማሩ የብዙ መቶ ቃላትን ጾታ አወቁ ማለት ነው። ይህ በመስማት ብቻ እስኪገባ ዓመታት ይፈጃል።

ጆሮ ይቅደም፦
በጾታው እስማማለሁ፤ በእርባታው ግን በፍጹም አልስማማም። ፈረንሳይኛን ከመጽሐፍ የጀመረ ሰው የሚማረው የሚጻፈውን ነው። «መናገር» የሚለውን ግስ ተመልከቱ፦ እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እነሱ ስንል በጽሑፍ ሦስት ዓይነት መድረሻ አለው፤ በአፍ ግን አራቱም «ፓርል» ናቸው። «እኛ» ለማለትም ሰው በወሬ መሃል አብዛኛውን ጊዜ «ኑ ፓርሎን» ሳይሆን «ኦን ፓርል» ነው የሚለው።

እኔ ሁለት ዓመት እርባታ ሸምድጄ ነበር። የመጀመሪያዋ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ «ሼ ፓ» ስትለኝ ፈዝዤ ቀረሁ። መጽሐፌ ላይ የነበረው «ዠ ነ ሴ ፓ» ነው፤ «አላውቅም» ማለት። ያንኑ የማውቀውን ነገር ስትለኝ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲያ ለወራት አፌን ለመክፈት ፈራሁ።

የማታ አስተማሪ፦
ማዳመጥ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ካናዳ ታይቷል። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኩቤክ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ እንዲከታተሉ ተደረገ። ከዓመታት በኋላ ሰምቶ በመረዳት ለአፍ መፍቻ ተናጋሪ እኩዮቻቸው ተቃረቡ፤ ሲናገሩ ግን ጾታና የግስ ጊዜ ይስቱ ነበር። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌይን በ1985 ይህን ይዛ፣ ተማሪ የጎደለውን የሚያየው ራሱ ለመናገር ሲታገል ነው ብላ ተከራከረች።

በዕድሜው ነገር አይሸበሩ። በ1978 በታተመ ጥናት ኔዘርላንድ ሄደው ደችኛ የለመዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲነጻጸሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎረምሶችና አዋቂዎች ከትንንሾቹ ልጆች ፈጥነው ነበር። የአነጋገር ቅላጼ ግን ያስቸግራል፤ እሱን አልደብቅዎትም።

ጆሮ ይቅደም፦
የካናዳው ታሪክ ለመናገር ይመሰክራል እንጂ ለእርባታ ሰንጠረዥ አይመሰክርም። ቅላጼ ካነሳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ አነባቡን በፊደላችን እየጻፋችሁ አታጥኑ! «አንተ» የሚለውም «ሁሉ» የሚለውም በእኛ ፊደል «ቱ» ሆነው ይቀራሉ። በጆሮ ግን ይለያያሉ፦ «አንተ» ለማለት ምላስ «ኢ» እንደሚል ወደ ፊት ይመጣል፣ ከንፈር «ኡ» እንደሚል ይሞጠሙጣል። ይህን ማንም ሰንጠረዥ አያስተምርም።

ሰዋስው ይቅደም፦
የፊደሉን ነገር ተቀብያለሁ፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማጠናው። ግን ዓላማዋን ሳንጠይቅ ፈረድን። የዴልፍ (የፈረንሳይኛ ችሎታ ማረጋገጫ) ፈተና ካለባት ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው ከ25 ነው የሚታረሙት። የማይሰሙት መድረሻዎች እዚያ ነጥብ ያስጥላሉ።

ጠያቂዋ፦
ፈተና የለብኝም። ምራቴ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ናት። እናቷ በስልክ ታናግረኛለች፣ እኔ ሁልጊዜ «ዊ፣ ዊ» ብቻ ነው የምላት። የልጅ ልጃችን ሊወለድ ነው። ከምራቴ እናት ጋር ማውራት እፈልጋለሁ።

ጆሮ ይቅደም፦
እንግዲያው ከስልኩ ይጀምሩ። ቀስ ብላ እንድትናገር ይለምኗት፣ ፈቃዷ ከሆነ ድምፁን ቀድተው ደጋግመው ይስሙት፣ ያልገባዎትን በማግሥቱ ይጠይቋት።

ሰዋስው ይቅደም፦
ለእርሷ ግን «ቱ» ሳይሆን እንደ እኛ «እርስዎ» ያለውን «ቩ»ን ነው የሚጠቀሙት፣ ራሷ «ቱ በይኝ» እስክትል ድረስ። ከ«ቩ» ጋር ደግሞ «ፓርል» አይሆንም፤ «ቩ ፓርሌ» ነው። ይቺን አንዲት መስመር ከሰንጠረዡ ይውሰዱልኝ።

ጠያቂዋ፦
«ቩ ፓርሌ»። እሑድ ትደውላለች፤ እሞክረዋለሁ።