ከምርጫ በኋላ የክልል ካቢኔ ሲዋቀር «ከጅማ ማን ገባ» ብሎ መቁጠር ምን ይጠቅመናል?

የአጂፕ ልጅ
ሰላም የጅማ ልጆች። አንድ ፓርቲ ምርጫ አሸንፎ አዲስ መንግሥት በተመሠረተ ቁጥር እኛ ሰፈር ወሬው አንድ ነው፦ ከጅማ ማን ገባ? በ2014 መስከረም የኦሮሚያ ክልል ሹመት ሲነበብ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነበር። ስም በተጠራ ቁጥር አንዱ «ይሄ የወለጋ ነው» ይላል፣ ሌላው «ኧረ የአርሲ ነው» ብሎ ይከራከራል፣ ሰውየው የተሾመበትን ቢሮ ግን ልብ ብሎ የሰማ የለም። ለመሆኑ ካቢኔውን የሚያዋቅረው ማነው? ተሿሚዎቹ የግድ የጨፌ፣ ማለትም የክልሉ ምክር ቤት፣ አባል መሆን አለባቸው? የኛ ሰው ቢገባስ ለከተማችን የሚያመጣው ነገር አለ? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሕግ አንባቢ
ወንድሜ፣ አካሄዱ እንዲህ ነው። ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ርዕሰ መስተዳድር ያቀርባል፣ ጨፌው ይሾመዋል። እሱ ደግሞ የካቢኔውን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ቃለ መሃላ ይፈጸማል። የግድ ከጨፌው መውጣት ያለበት ርዕሰ መስተዳድሩ ነው፤ የቢሮ ኃላፊ ከውጭም ይሾማል።

ይሄ ነገር ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይምሰልህ። አቶ ሽመልስ አብዲሳ በ2011 ክልሉን ሲረከቡ የጨፌ አባል ስላልነበሩ እስከ ምርጫው ድረስ ማዕረጋቸው ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ነበር። ርዕሰ መስተዳድር የሆኑት በ2013ቱ ምርጫ ከገቡ በኋላ፣ መስከረም 2014 ነው። በፌዴራልም ተመሳሳይ ነው። በ2010 የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉም ነበር፣ ስለዚህ ነው ፓርቲያቸው ኦሕዴድ ለቦታው እጩ እንዲኖረው በየካቲት ሊቀመንበርነቱ ከሳቸው ወደ ዶ/ር ዐቢይ የዞረው፤ መጋቢት 24 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የመርካቶ ነጋዴ
ልጄ፣ ቆጠራውን ተወው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የበሻሻ ልጅ ናቸው፣ ከዚህ አጋሮ ማዶ። ከዚያ በፊትም የክልሉ ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ነበሩ። የአካባቢ ሰው ወንበር መያዙ ብቻ መልስ ቢሆን ኖሮ የኛ ጥያቄ ድሮ አልቆ ነበር። ተሿሚው ከየትም ይምጣ፣ ሥራ ያውቃል ወይ? ስንጠይቀው ይመልሳል ወይ? እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

መምህርት ከሒርማታ
ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰዉ የማንን ሥራ ማን እንደሚሠራ አይለይም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የፌዴራል ነው፣ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ግን የክልል። ታካሚ ተቸግሮ ሲወጣ ሁለቱንም አንድ ላይ «መንግሥት» ብሎ ይረግማል፣ ከዚያ የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊ ሲሾም ስሙን እንኳ አይዝም። የኛ የመምህራን ደመወዝ የሚመጣው ከክልሉ በጀት ነው። መሬትም ውሃም ፖሊስም እንደዚሁ። ታዲያ ፋይናንስ ቢሮውን ማን ያዘ? ትምህርት ቢሮውን ማን ያዘ? ይሄን የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም የሚጠይቀው ዘሩን ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል።

የአጂፕ ልጅ
እህቴ ልክ ነሽ፣ የሸነን ጊቤው እኔንም ነካኝ። ተቃዋሚዎችስ? ካቢኔ ውስጥ ይገባሉ ሲባል እሰማለሁ።

ሕግ አንባቢ
በፌዴራል ገብተዋል። በ2014 ከኢዜማ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር፣ ከአብን ዶ/ር በለጠ ሞላ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ ከኦነግ አቶ ቀጄላ መርዳሳ ባህልና ስፖርት ሆነው ተሾሙ። ጥሩ እርምጃ ነው እላለሁ፣ ነገር ግን በሹመት የገባ ሰው የሾመውን አይሞግትም። ካቢኔን መሞገት የምክር ቤት ሥራ ነው። የኛ ምርጫ ደግሞ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ የሚያልፍበት ነው፣ በዚያ ላይ የክልሉ ተቃዋሚዎች ኦነግና ኦፌኮ ከ2013ቱ ምርጫ ወጥተው ነበር። ስለዚህ ጨፌው ውስጥ ተነስቶ «ይሄ ሰው ለዚህ ቢሮ አይሆንም» የሚል ጠንካራ ወገን አልነበረም። የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አሸናፊው ካቢኔ ማዋቀሩ መብቱ ነው፤ ዝርዝሩ ጠዋት ቀርቦ ጠያቂ ሳያገኝ ማለፉ ግን ልክ አይደለም። ቢያንስ የተሿሚው የትምህርትና የሥራ ታሪክ ቀደም ብሎ ለሕዝብ ይውጣ።

የመርካቶ ነጋዴ
እሱስ እውነት ነው። ግን ከጅማ መርጠን ጨፌ የላክናቸው ሰዎች አሉ አይደል? እነሱን ነው መያዝ። የክልሉ በጀት የሚጸድቀው ሐምሌ አካባቢ ነው፣ ከዚያ በፊት ወደ መራጩ ሲመጡ አዳራሹን ለካድሬ ብቻ አንተውላቸው። እኔ እሄዳለሁ።

መምህርት ከሒርማታ
እኔም እመጣለሁ። የሸነን ጊቤን ጉዳይ የማነሳው እኔ ነኝ።