ደብልዩ ቱ ወይስ 1099? ከትልቅ የአማካሪ ድርጅት ጋር የስድስት ወር ኮንትራት

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ የምኖር፣ ቋሚ ሥራ ያለኝ ዳታ አናሊስት ነኝ። አንድ ትልቅ የአማካሪ ድርጅት ውስጥ የስድስት ወር ኮንትራት በኤጀንሲ በኩል ቀርቦልኛል። በደብልዩ ቱ (ግብር የሚቆረጥልኝ ተቀጣሪ ሆኜ) በሰዓት 62 ዶላር፣ በ1099 (ግብሩን ራሴ የምከፍል ተቋራጭ ሆኜ) ደግሞ 72 ዶላር፤ ምረጪ ተብያለሁ። የአራት ሰው ቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ ያለው አሁን በእኔ ሥራ ነው። ዲግሪዬ የአገር ቤት ነው። የትኛው ይሻላል? ሳልፈርም ምን ምን ልይ?

የሒሳብ ሰው
እህቴ፣ አሥሩ ዶላር አያታልልሽ። በ1099 የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬርን (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብር የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ስሌቱ ከተጣራው ገቢ 92.35 በመቶው ላይ 15.3 በመቶ ነው፤ በ72 ዶላር በሰዓት 10.17 ዶላር ይሄዳል። በደብልዩ ቱ ከ62 ዶላሩ የሚቆረጠው 7.65 በመቶ፣ ማለትም 4.74 ዶላር ነው። ስለዚህ የአሥር ዶላሩ ብልጫ 4.57 ሆኖ ቀረ። 26 ሳምንት በ40 ሰዓት 1,040 ሰዓት ነው፤ በጠቅላላው 4,750 ዶላር ገደማ። የዚህ ግብር ግማሹ ከገቢሽ ላይ ስለሚቀነስ ትንሽ ይሻሻላል፣ ውጤቱን ግን አይገለብጠውም፤ የአራት ሰው የጤና ኢንሹራንስ ብቻውን ይጨርሰዋል።

በዚያ ላይ 1099 ላይ ሥራ አጥ ክፍያ የለም፣ ሥራ ላይ ብትጎጂ የሠራተኛ ካሣ የለም። ሜሪላንድ ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህ ለ1099 አይሠራም፤ በኤጀንሲ ለተላከ የደብልዩ ቱ ሠራተኛም ላይሠራ ስለሚችል ኤጀንሲውን ጠይቂ። እኔ ብሆን 1099ን የማስበው በደብልዩ ቱው ዋጋ ላይ 30 በመቶ ሲጨመርበት፣ ማለትም ከ81 ዶላር ገደማ ጀምሮ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሰዓትሽን እነሱ ከወሰኑ፣ ላፕቶፑን እነሱ ከሰጡ፣ በየቀኑ የሚያዝሽ አለቃ ካለ፣ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ዘንድ ሠራተኛ ልትባዪ ትችያለሽ፤ ወረቀቱ 1099 ስላለ ብቻ ነገሩ አይለወጥም።

የአሌክሳንድሪያው
ለእሷ ደብልዩ ቱ ይሻላል፣ እስማማለሁ። ግን 1099 ሁሌ ኪሳራ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ። ኢንሹራንሱ በባል ወይም በሚስት ሥራ ላለው ሰው፣ የሶሎ 401ኬ (ለራሱ የሚሠራ ሰው የጡረታ) ቁጠባና የሥራ ወጪ ተቀናሽ ሲጨመርበት፣ ስሌቱ ሌላ ነው። 1099 የምትይዙ ሰዎች፦ ግብሩን በዓመት አራት ጊዜ በ1040-ኢኤስ ቅጽ ክፈሉ፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15። ያለፈውን ዓመት ግብር 100 በመቶ በአራቱ ቀናት አከፋፍላችሁ ከከፈላችሁ ቅጣት የለም፤ የዚያ ዓመት ገቢ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ ግን 110 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን 110 ነው።

በኤልኤልሲ (በራስሽ ስም በተከፈተ አነስተኛ ኩባንያ) ግቢ ካሉሽ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ማስመዝገቢያው 100 ዶላር፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ 300 ዶላር ነው፤ ኤፕሪል 15 ይደርሳል። ኢአይኤን (የኩባንያው የግብር ቁጥር) ከአይአርኤስ በነፃ ይገኛል፣ ለማንም አትክፈዪ። ለስድስት ወር ሥራ ግን ኤልኤልሲ መክፈት አይታየኝም።

ውል አንባቢ
መጀመሪያ ማቋረጫውን አንቀጽ ፈልጊ። ኤጀንሲው ወይም ድርጅቱ ያለ ምክንያት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይችላል፤ አንቺ ግን የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ የሚል ይበዛል። ለሁለቱም እኩል እንዲሆን ጠይቂ፤ አንዳንዴ ይቀበላሉ። “ስድስት ወር” የሚለው የፕሮጀክቱ በጀት እስካለ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም።

ቀጥሎ፦ ውሉ ሲታደስ ዋጋው ስንት እንደሚሆን ይጻፍ። ካልተጻፈ በስድስተኛው ወር “ደንበኛው በጀት ቀንሷል” ተብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ይቀርብልሻል፤ ያኔ መደራደሪያ የለሽም። ከዚያ ድርጅቱ ራሱ በቋሚነት ልቅጠርሽ ቢልስ? ኤጀንሲው ለስንት ወር እንደሚከለክል ወይም ስንት እንደሚያስከፍል ይታወቅ።

ሬጅስትራር የሚያውቅ
የዲግሪውን ነገር እንዳትረሺው፣ ሥራውን የሚያዘገየው እሱ ነው። ባክግራውንድ የሚያጣራው ኩባንያ ኢትዮጵያ ያለ ሬጅስትራር ኢሜይል ጽፎ መልስ ካጣ ፋይሉ “አልተረጋገጠም” ተብሎ ይመለሳል። አስቀድመሽ ዲግሪውን፣ ስቱደንት ኮፒውንና በእጅሽ ካለ የደብልዩኢኤስን (የውጭ አገር ዲግሪ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ስካን አድርገሽ አስገቢ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተጠየቀና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ ኮስት ሼሪንጉ (የትምህርት ወጪ መጋራቱ) ሳይከፈል አይለቁትም። አገር ቤት ያለ ሰው በውክልና ማስጨረስ ይችላል፤ ውክልናው ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬ ጀምሪ።

ስምሽን አያይዘሽ ተመልከቺ። ዲግሪው ላይ የአያት ስም አለ፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም ላስት ኔም ሆኗል፣ ወይም አንዱ ላይ ፊደሉ በሁለት ኤስ፣ ሌላው ላይ በአንድ ተጽፏል። “ሌላ የምጠቀምበት ስም” በሚለው ሣጥን ሁሉንም አጻጻፍ ሙዪ፤ ባዶ ከተውሽው ሲስተሙ ሁለት ሰው ያደርግሻል።

ሌላው፦ ድርጅቱ ኦዲትም የሚሠራ ከሆነ የአክሲዮን ዝርዝርሽን ሊጠይቅ ይችላል። ኦዲት የሚያደርገውን ኩባንያ አክሲዮን ከያዝሽ ሽጪ ልትባዪ ስለምትችዪ የባልሽንም አካውንት አብረሽ አጣሪ።

ማጣሪያው አልፎ የመጀመሪያ ቀንሽ በጽሑፍ እስኪደርስሽ ያለሽበትን ሥራ አትልቀቂ።

ነርሷ
ስለ ኢንሹራንሱ። የአሁኑ ሽፋንሽ የሚያበቃው በለቀቅሽበት ቀን ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ? ኤችአርን ጠይቂ። ወር መጨረሻ ከሆነ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን መልቀቅ ወሩን ሙሉ ያተርፍልሻል። ኤጀንሲው ኢንሹራንስ ካለው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? በሕግ ማስጠበቅ የሚችሉት እስከ 90 ቀን ነው።

ለክፍተቱ ኮብራ አለ፤ የድሮ አሠሪሽን ኢንሹራንስ በራስሽ ክፍያ መቀጠል ማለት ነው። ለመምረጥ 60 ቀን ይሰጣል፣ ከመረጥሽ በኋላ ለመጀመሪያው ክፍያ 45 ቀን፤ ሽፋኑም ወደኋላ ተመልሶ ከተቋረጠበት ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ ቅጹን አስቀምጠሽ መጠበቅ ይቻላል፤ የታመመ ሰው ካለ ትፈርሚያለሽ፣ ግን ያለፈውን ወር ሁሉ ትከፍያለሽ፣ እስከ ሙሉ ዋጋው 102 በመቶ። የሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን (የግዛቱ የኢንሹራንስ ገበያ) መመዝገቢያም ያው 60 ቀን ነው። ሁለቱን ቀን ካላንደር ላይ ጻፊ፤ ኮብራ ይዘሽ 60 ቀኑ ካለፈ በኋላ በራስሽ ብታቋርጪው፣ እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ድረስ በር ተዘግቷል።

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብልዩ ቱውን ልይዝ ነው። ግን የላኩልኝ ውል ላይ “ኤጀንሲው የሚከፍለው ደንበኛው ሲከፍለው ነው” ይላል። ይህ ለደብልዩ ቱም ይሆናል?

ውል አንባቢ
አይሆንም። ለደብልዩ ቱ ሠራተኛ የሠራሽበትን ደመወዝ ኤጀንሲው በመደበኛው የክፍያ ቀን መክፈል አለበት፤ ደንበኛው ዘገየ አልዘገየ የእሱ ጣጣ ነው። ምናልባት የ1099ኙን ቅጽ ነው የላኩልሽ፤ “የደብልዩ ቱ ውል ላኩልኝ፣ አንቀጹም ይውጣ” ብለሽ በኢሜይል ጻፊ፣ በስልክ አትጨርሺው። 1099 ለምትይዙት ግን ይህች ዓረፍተ ነገር ከባድ ናት። ወር ሙሉ ሠርታችሁ በወሩ መጨረሻ ኢንቮይስ ካስገባችሁና ውሉ 45 ቀን ካለ፣ የመጀመሪያው ብር የሚገባው ሥራ በጀመራችሁ በ75ኛው ቀን ነው። የፒኦ (የደንበኛው የግዢ ትእዛዝ) ቁጥር ሳይጻፍበት የገባ ኢንቮይስ ደግሞ ይመለሳል፤ 45ቱም እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ታይምሺቱን በየሳምንቱ ዓርብ አስገቢ፣ አጽዳቂሽ እረፍት ሲወጣ ማን እንደሚተካው አስቀድመሽ እወቂ።