ላሮጊቷ ጊኒ ፒጌ ጓደኛ ላምጣላት?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ቡኒ የምላት ጊኒ ፒጌ (አይጥ መሳይ ትንሽ የቤት እንስሳ) 6 ዓመቷ ነው። እህቷ ከሞተች ወዲህ ድርቆሽ ሣሩን እምብዛም አትነካም፤ ጥግ ይዛ ትውላለች። አንጀቴን ትበላዋለች። በዚህ ዕድሜዋ አዲስ ጓደኛ ይከብዳት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ ከረዘመ ማኘክ ያቅታቸዋል። ምግብ ጭራሽ ከተወች ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቂ። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

መልስ፦ እኔ ለአሮጊቷ ጊኒ ፒጌ ረጋ ያለች ሴት ጓደኛ አመጣሁላት። በሽታ ይዛ እንዳይሆን ሁለት ሳምንት ለየብቻ አቆየኋቸው። ከዚያ ሁለቱም በማያውቁት ክፍል፣ ድርቆሽ በትኜ አገናኘኋቸው። ትንሽ መባረር ያለ ነው፤ ካልተናከሱ ጣልቃ አትግቢ። የፈረንጅ ቃሪያም በየቀኑ ስጫት፤ ቫይታሚን ሲ ሰውነታቸው አይሠራም።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ነገ በጠዋት ቢሾፍቱ እወስዳታለሁ።