«ኦርጋኒክ ጥጥ» ማለት የሰፋችው ልጅም ተከፍሏታል ማለት ነው?

ግራ_የገባት፦
ሰላም ቤተሰብ። እስቲ የገባው ያስረዳኝ። ልብስ ስገዛ አንዱ ላይ «ኦርጋኒክ ጥጥ»፣ ሌላው ላይ «ፌርትሬድ» የሚል አያለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እንዲሁ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል። እኔ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። ትናንት አንድ ጓደኛዬ «ኦርጋኒክ ማለት መርዝ አልተረጨበትም ማለት እንጂ የሰፋችው ልጅ በልታ አደረች ማለት አይደለም» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ነው? ከሆነ ጭማሪውን የምከፍለው ለማን ነው?

የማሳው_ሰው፦
ጓደኛሽ ልክ ነው። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል የሚያወራው ስለ ማሳው ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የለም፣ ኬሚካል ፀረ ተባይ የለም፣ ዘረመሉ የተለወጠ ዘር የለም። ይሄ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስልሽ። ህንድን ውሰጂ፣ ኦርጋኒክ ጥጥ በብዛት ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ናት፣ ግን አብዛኛው የጥጥ ማሳ የሚዘራው ቢቲ የሚባለውን የተለወጠ ዘር ስለሆነ ንጹሕ ዘር ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ራስ ምታት ነው። ትሉን በኒም ጭማቂ፣ ሰብል በማፈራረቅ፣ ትል የሚበሉ ነፍሳትን ባለመግደል ይከላከሉታል።

የሚከብደው ግን የሽግግሩ ጊዜ ነው። ገበሬው ኬሚካል ካቆመ በኋላ ማሳው ኦርጋኒክ እስኪባል 2 ወይም 3 ዓመት ይጠብቃል። ምርቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ ልፋቱ ይጨምራል፣ ሽያጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተራ ጥጥ ዋጋ ነው። ስንቱ ጀምሮ የሚተወው እዚያ ላይ ነው።

ድርና_ማግ፦
ፌርትሬድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ስለ ዋጋ ነው የሚያወራው። የዓለም ገበያ ቢወርድም ከዚህ በታች አይገዛም የሚባል መነሻ ዋጋ አለ። ገበያው ከዚያ ከበለጠ በገበያው ዋጋ ይሸጣሉ። በዚያ ላይ ፕሪሚየም የሚባል ጭማሪ ለገበሬዎቹ ማኅበር ይገባል፣ ጉድጓድ ይቆፈርበት ትምህርት ቤት ይሠራበት አባላቱ ናቸው ተሰብስበው የሚወስኑት።

ግን ልብ በይ፣ የፌርትሬድ የጥጥ ምልክት በዋናነት ገበሬውን ነው የሚመለከተው። የፈታዩንና የሰፊውን ደመወዝ የሚነካ የጨርቃጨርቅ ስታንዳርድ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ራና ፕላዛን አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ይሄ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ሕንጻ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር፣ ግቡና ሥሩ ተባሉ። እዚያ የሚሰፋው ጥጥ ኦርጋኒክ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

ግራ_የገባት፦
ኧረ ጉድ። እና ሁለቱንም የሚያይ የለም?

ቁጥር_አንባቢ፦
ለዚያ የሚቀርበው ጎትስ (GOTS) የሚባለው የኦርጋኒክ ጨርቃጨርቅ ስታንዳርድ ነው። ከመዳመጫው ጀምሮ መፍተሉን፣ ማቅለሙን፣ ስፌቱን ሁሉ ይከታተላል። «ኦርጋኒክ» ለመባል ቢያንስ 95 በመቶው፣ «በኦርጋኒክ የተሠራ» ለመባል ደግሞ 70 በመቶው ኦርጋኒክ ክር መሆን አለበት። የሕፃናትና የግዳጅ ሥራ ይከለክላል፣ ሠራተኛው እንዲደራጅ ይፈቅዳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። እውነተኛው ምልክት ሥር የመረመረው ድርጅት ስምና የፈቃድ ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብተሽ ማጣራት ትችያለሽ።

የማሳው_ሰው፦
ቁጥር አንባቢ፣ እሱም ቢሆን ወረቀት ነው ወዳጄ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጎትስ ራሱ አይደል እንዴ ህንድ ውስጥ 20,000 ቶን ጥጥ በሐሰተኛ ሰርተፍኬት ኦርጋኒክ ተብሎ አገኘሁ ያለው?

ቁጥር_አንባቢ፦
አዎ፣ ግን ማን ያዘው? ራሳቸው አይደሉ? የሚያጣራው ሰው ባይኖር ያ ጥጥ ዛሬ አንተ ትከሻ ላይ ነበር 😄

ግራ_የገባት፦
አሁን ሄጄ ያንን ቲሸርቴን ገልብጬ አየሁት። የድርጅት ስም የለም፣ ቁጥር የለም። ቅጠሏ ግን አለች።